የአጭር ሞገድ ሬዲዮ አልሰማ ሲል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

ቀደም ባለው ዘመን የአጭር ሞገድ ሬዲዮ አልሰማ ሲል የሚጠረጠሩት ሦስት ነገሮች ነበሩ፦ ባትሪ ድንጋዩ አልቋል፣ አየሩ ተበላሽቷል፣ ወይም ጣቢያው ታፍኗል። ዛሬ ከእነዚህ በፊት መጠየቅ ያለባቸው ሁለት ሌሎች ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው ጣቢያው በዚያ ሰዓትና በዚያ ሞገድ ላይ አሁንም አለ ወይ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ እዚያው ቤት ውስጥ ሬዲዮውን የሚረብሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ አለ ወይ የሚለው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረቡት ምልክቶች ከፕሮግራሙ ተነስተው ወደ ቤቱ፣ ከቤቱ ወደ ሰማዩ፣ በመጨረሻም ወደ ሬዲዮው ይሄዳሉ። ካቻቢቴ የሚያስፈልገው መጨረሻ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጭራሽ አያስፈልግም።

ሬዲዮው ይሠራል፣ የሚፈለገው ጣቢያ ግን የለም

ማዞሪያው ሲዞር ሌሎች ጣቢያዎች ይሰማሉ፤ የሚፈለገው ጣቢያ በሚታወቅበት ቦታ ግን ሹሹታ ብቻ አለ። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ምክንያት የሰዓት ስሌት ነው። የአጭር ሞገድ ፕሮግራሞች የሚታወጁት በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ በዩቲሲ፣ ሲሆን አዳማጩ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት፣ ከዚያም ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ማዛወር ይኖርበታል። በሁለቱ እርምጃዎች መካከል ስህተት በቀላሉ ስለሚገባ አንዱን አጭር መንገድ መያዝ ይሻላል፤ ከዩቲሲው ላይ 3 ሲቀነስ የኢትዮጵያው ሰዓት ይገኛል፣ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ 12 ይቀነሳል፣ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ከሆነ ደግሞ 12 ይደመርበታል። በዚህ ስሌት 16:00 ዩቲሲ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ 18:00 ዩቲሲ ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ 03:00 ዩቲሲ ደግሞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ዱባይ ያለ አዳማጭ በዩቲሲው ላይ 4 ይደምራል። በእስራኤል፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩ ግን ሰዓታቸው በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚቀየር ሬዲዮው ላይ ያለውን ሰዓት በዩቲሲ ሞልተው እንዲሁ ቢተዉት ይቀላቸዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የወቅት ለውጥ ነው። ዓለም አቀፍ ጣቢያዎች ሞገዳቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፈረንጆቹ መጋቢት የመጨረሻ እሑድ እና በጥቅምት የመጨረሻ እሑድ፣ ይቀይራሉ። ቅዳሜ ማታ በ15 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ጥርት ብሎ ይሰማ የነበረ ጣቢያ እሑድ ማታ ከቦታው ቢጠፋ ዘግቷል ብሎ መደምደም አይገባም። በዚያው ሰዓት በ31፣ በ25፣ በ19 እና በ16 ሜትር ባንዶች ላይ ቀስ ብሎ መፈለግ ያስፈልጋል፤ ጣቢያዎቹ አንዱን ፕሮግራም በአንድ ጊዜ በሁለትና በሦስት ሞገዶች ስለሚያሰራጩ አንደኛው መገኘቱ አይቀርም። በሬዲዮው ላይ የሚታየው ሜትር እንጂ ኪሎ ኸርዝ ካልሆነ 300 ለሜጋ ኸርዙ ሲካፈል ሜትሩ ይመጣል፤ 9.7 ሜጋ ኸርዝ በዚህ መሠረት ወደ 31 ሜትር ይጠጋል።

ሦስተኛው ምክንያት መፍትሔ የለውም፤ ጣቢያው በእርግጥ ተዘግቷል። ከአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ በሁለት ባለ 100 ኪሎ ዋት ማሰራጫዎች ለአፍሪካና ለእስያ ይናገር የነበረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1977 በደርግ ተወረሰ። እ.ኤ.አ. በ1965 በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው ዶይቸ ቬለ ለአፍሪካ አድማጮቹ ይጠቀምበት የነበረው የኪጋሊ ማሰራጫ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 ተዘግቷል፤ ከዚያ ወዲህ የአማርኛው ፕሮግራም የሚመጣው ከሌሎች አገሮች ማሰራጫዎች በኪራይ ነው። የአማርኛ ክፍሉን እ.ኤ.አ. በ1982 የከፈተው የአሜሪካ ድምፅም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ሠራተኞቹ ከሥራ እንዲርቁ ሲደረግ ስርጭቱ ተቋረጠ። እንዲህ ላለው ዝምታ ተጨማሪ ሽቦ መዘርጋት ድካም ብቻ ነው። ለማረጋገጥ ከምሽቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ የ31 ሜትር ባንድ፣ ማለትም ከ9400 እስከ 9900 ኪሎ ኸርዝ፣ ይፈተሽ። እዚያ የተለያዩ ጣቢያዎች ተደርድረው ከተሰሙ ሬዲዮውም ሰማዩም ጤነኛ ናቸው። ባንዱ ባዶ ከሆነ ወይም በጩኸት ከተሞላ ግን ወደሚቀጥለው መሄድ ነው።

ቤት ውስጥ ይንጫጫል፣ ደጅ ሲወጣ ይጠራል

ዛሬ ከሁሉም የበለጠ አዳማጭን የሚያስመርረው ይህ ነው፤ ብዙዎችም ሬዲዮውን ረግመው እንዲተዉት ያደረገው ይኸው ይመስለኛል። ድሮ በአንድ ቤት ውስጥ የነበረው የኤሌክትሪክ ዕቃ ክር ያለው አምፖልና ቢበዛ ማቀዝቀዣ ስለነበር አጭር ሞገድን እምብዛም አይነካም ነበር። አሁን ግን የስልክ ቻርጀር፣ ኤልኢዲ አምፖል፣ የቴሌቪዥንና የዲሽ ሪሲቨር አዳፕተር፣ የዋይፋይ ራውተርና የሶላር ኢንቨርተር ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በአሥር ሺዎችና በመቶ ሺዎች ጊዜ እየቆራረጡ ወደሚፈልጉት ቮልቴጅ ይለውጡታል። ከዚህ መቆራረጥ የሚፈጠረው ርዝራዥ እስከ ሜጋ ኸርዞች ድረስ ይወጣል፤ በግድግዳው ውስጥ ያለው የመብራት ሽቦም ራሱ አንቴና ሆኖ በየክፍሉ ያሰራጨዋል። በርካሽ የተሠሩት ዕቃዎች ርዝራዡን የሚያጠፋው ማጣሪያ ስለሌላቸው ይብሳሉ።

ምንጩን ለማግኘት ሬዲዮው ከግድግዳ ይነቀልና በባትሪ ድንጋይ ይከፈታል፤ ጣቢያ በሌለበት ሞገድ ላይ ተደርጎ ድምፁ ከፍ ይላል። ከዚያ በኋላ የቤቱ ዋና ማብሪያና ማጥፊያ ከቆጣሪው አጠገብ ይጠፋል። ጩኸቱ በዚያው ቅጽበት ከተቋረጠ ጥፋተኛው ከቤት ነው፤ ማብሪያው እንደገና በርቶ ዕቃዎቹ አንድ በአንድ እየተነቀሉ ይፈተሻሉ። ካልተቋረጠ ከጎረቤት ወይም ከመንገዱ የኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣ ነው። የጩኸቱ ዓይነትም ይናገራል፦ ማዞሪያው ሲዞር በየተወሰነ ርቀት እየተደጋገመ የሚመጣ ጉምጉምታ የአዳፕተር ነው፣ በመላው ባንድ ላይ እኩል የሚሰማ ሸካራ እዝታ ብዙ ጊዜ የመብራት መቀነሻ ወይም የኤሌክትሪክ መስመር ነው፣ የተቆራረጠ ጠቅጠቅታ ደግሞ ብልጭ የሚል የላላ ግንኙነትን ያመለክታል። መብራት የሚጠፋባቸው ምሽቶች ለአጭር ሞገድ ወዳጅ ያልታሰቡ በዓላት መሆናቸውን መካድ አይቻልም፤ የጎረቤት ኢንቨርተር ካልጀመረ በስተቀር።

ጥፋተኛው ቻርጀር ከሆነ ይነቀላል፣ አምፖል ከሆነ በሌላ ዓይነት ይቀየራል። ራውተርን የመሰለ ሊነቀል የማይችል ዕቃ ሲሆን ገመዱን በፌራይት (ከብረት ኦክሳይድ የተሠራ ማግኔታዊ ሸክላ) ቀለበት ላይ ስምንትና አሥር ዙር መጠምጠም ርዝራዡን ያዳክመዋል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን አንቴናውን ከቤቱ ማራቅ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያና በብረት የተሠራ የኮንክሪት ግድግዳ ከውጭ የሚመጣውን ሞገድ ይከልላሉ፣ የውስጡን ጩኸት ግን አያስወጡም፤ ስለዚህ በኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለ ሰው ከሳሎኑ መሀል ይልቅ በረንዳ ላይ ይስማ። ከአምስት እስከ አሥር ሜትር የሚሆን ልባጥ ያለው ተራ ሽቦ በመስኮት አውጥቶ ከመብራት መስመር በራቀ አቅጣጫ መዘርጋትና የሬዲዮውን ዘንግ አንቴና ጫፍ በመቆንጠጫ መያዝ ለብዙ ሰው በቂ ነው። ሽቦ መዘርጊያ የሌለው ደግሞ ክብ የሉፕ አንቴና ቢይዝ ጩኸቱ ወደሚዳከምበት አቅጣጫ ሊያዞረው ይችላል። ሬዲዮውን ራሱን ማዞር ግን በመካከለኛ ሞገድ እንጂ በአጭር ሞገድ አይጠቅምም፤ ውስጡ ያለው የፌራይት ዘንግ የሚያገለግለው ለመካከለኛው ሞገድ ብቻ ነውና። በክረምት መብረቅ ሲጀምር ደግሞ የውጭው ሽቦ ከሬዲዮው ተነቅሎ ከቤት ውጭ መቅረት አለበት።

ይመጣል፣ ይሄዳል

ድምፁ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ሲል ምክንያቱ ሞገዱ ከአዮኖስፌር፣ ማለትም በከባቢ አየር ላይኛው ክፍል ካለው በኤሌክትሪክ የተሞላ ንብርብር፣ ተንጸባርቆ በተለያዩ መንገዶች መድረሱ ነው። ይህ የተፈጥሮ ጠባይ ስለሆነ ሊቆም አይችልም፤ ነገር ግን ድምፁ በሚወርድበት ጊዜ ንግግሩ ተጣሞ የማይለይ ከሆነ ሊሻሻል ይችላል። ሶኒ አይሲኤፍ ኤስደብልዩ7600ጂአር ወይም ቴክሰን ፒኤል 660 እና 680 ያለው ሰው የጣቢያውን ሞገድ እየተከተለ ንግግሩን የሚያጠራውን ሲንክ የሚለውን ቁልፍ ይጫን። ሲንክ የሌለው ነገር ግን ኤስኤስቢ (የሞገዱን አንድ ጎን ብቻ የሚያዳምጥ ስልት) ያለው ሬዲዮ ሲሆን ኤስኤስቢው ይከፈትና ፉጨቱ እየወፈረ ሄዶ እስኪጠፋ ድረስ ቀስ ብሎ ይስተካከላል።

ለእኛ አገር የተለየ ሌላ ዓይነት አለ። የመሬት የማግኔት ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በላይኛው የአዮኖስፌር ንብርብር ላይ መተራመስ ይፈጠራል፤ ድምፁም በፍጥነት ይርገበገባል። በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ ይበረታል። ሬዲዮው እንደተበላሸ የሚያስመስል ቢሆንም ሌላ ሞገድ ከመሞከርና ሌሊቱ እስኪገፋ ከመጠበቅ በቀር የሚደረግ ነገር የለም።

ቀን ቀን መላው ባንድ በድንገት ጸጥ ቢል ደግሞ ከፀሐይ የወጣ ፍንዳታ ዝቅተኛውን የአዮኖስፌር ንብርብር፣ ዲ የተባለውን፣ አወፍሮ ሞገዱን እንዲውጠው አድርጎት ሊሆን ይችላል። ከደቂቃዎች እስከ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆያል፤ መጀመሪያ የሚያገግሙት ከፍተኛዎቹ ሞገዶች ስለሆኑ ወደ 17 እና 21 ሜጋ ኸርዝ መውጣት ይሻላል። የፀሐይ ዑደት 11 ዓመት ገደማ የሚፈጅ ሲሆን የአሁኑ ዑደት እ.ኤ.አ. በ2024 አካባቢ ከፍታው ላይ በመድረሱ እንዲህ ያለው መቋረጥ ሰሞኑን በዛ ያለ ነው፤ በሌላ በኩል ከፍተኛዎቹ ባንዶች ለዓመታት ባልነበሩበት ሁኔታ ሕይወት ዘርተዋል።

የሩቁ ይሰማል፣ የቅርቡ አይሰማም

አዳማጮች ይህንን እንደ ተአምር ይቆጥሩታል። በመሬት ላይ የሚሄደው ሞገድ በአሥሮች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ይዳከማል፤ ወደ ሰማይ ወጥቶ የሚመለሰው ደግሞ ሞገዱ ከፍተኛ ከሆነ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን ዘልሎ ነው የሚወርደው። በመካከል ያለው ሰው ምንም አይሰማም። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች እንደ አማራ ሬዲዮ 6090፣ ኦሮሚያ ሬዲዮ 6030 እና ፋና 6110 ኪሎ ኸርዝ ለዓመታት በ49 ሜትር ባንድ ላይ የተሰበሰቡትም ዝቅተኛው ሞገድ በቀጥታ ወደ ላይ ወጥቶ በቅርብ ስለሚመለስ ነው። ስለዚህ ለቅርብ ጣቢያ ዝቅተኛውን፣ ለሩቅ ጣቢያ ቀን ከ13 ሜጋ ኸርዝ በላይ፣ ማታ ብዙውን ጊዜ ከ12 በታች መፈለግ ነው።

አንድ ሞገድ ላይ ብቻ ያጓራል

ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንደኛው ሆን ተብሎ የሚደረግ አፈና ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በመጋቢት 2002 ዓ.ም. የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት ለማፈን ዝግጅት እንዲደረግ ማዘዛቸውን በይፋ ተናግረው ነበር። አፈና ጣቢያው ሲጀምር ይጀምራል፣ ሲያበቃም ያበቃል፤ መለያው ይህ ነው። በትይዩ የሚተላለፈውን ሌላ ሞገድ መፈለግ ዋናው መፍትሔ ሲሆን፣ ጩኸቱ ወደ አንድ ጎን ያደላ ከሆነ በኤስኤስቢ የተቃራኒውን ጎን ብቻ ማዳመጥ ይረዳል። ሁለተኛው ምክንያት ዲአርኤም የተባለው ዲጂታል ስርጭት ነው፤ 10 ኪሎ ኸርዝ ያህል ስፋት ያለው፣ ከፍ ዝቅ የማይል፣ ጠርዙ የተቆረጠ የሚመስል ሹሹታ ይሰማል። ተራ ሬዲዮ ሊፈታው ስለማይችል ማለፍ ነው።

ጣቢያው በተሳሳተ ቦታ ላይ ይሰማል

ርካሽ ወይም የቆዩ ሬዲዮዎች ጣቢያውን በውስጣቸው የሚቀይሩበት 455 ኪሎ ኸርዝ የመሸጋገሪያ ሞገድ (አይኤፍ) አንድን ጣቢያ በሁለት ቦታ ያሰማል፤ ሁለተኛው ከእውነተኛው 910 ኪሎ ኸርዝ ዝቅ ብሎ ይገኛል። በ9705 ላይ ያለ ኃይለኛ ጣቢያ በ8795 ላይ ከተሰማ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ከሁለቱ ከፍተኛው እውነተኛው ነው። ረጅም ሽቦ ከተገጠመ በኋላ ጣቢያዎች በየቦታው ተደራርበው ከተሰሙ ግን ሬዲዮው ከአቅሙ በላይ ሞገድ ገብቶበታል፤ ሽቦውን ማሳጠር ወይም የሎካልና የዲኤክስ (የቅርብና የሩቅ) መቀየሪያውን ወደ ሎካል ማድረግ ይበቃል።

ሬዲዮው ራሱ

እዚህ ላይ የሚደረሰው ኤፍኤሙም መካከለኛ ሞገዱም ሲፈተሽ ነው። ድንጋዩ ሳይወጣለት ሳይሠራ ተቀምጦ የቆየ ሬዲዮ የድንጋይ ቤቱ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ ትንሽ ኮምጣጤ በነካ ጥጥ ይጠረግና በአልኮል ይደርቃል። የድምፅ ማዞሪያውና የባንድ መቀየሪያው ሲነኩ የሚንቋቁ ከሆነ ኮንታክት ክሊነር ተረጭቶባቸው ደጋግመው ይዞራሉ። ድንጋዩ ሲደክም በአሮጌ ሬዲዮዎች ጣቢያው ከቦታው ይንሸራተታል፤ ይህ የማዞሪያው ብልሽት አይደለም። በዲጂታሎቹ ላይ ምንም ቁልፍ አልሠራ ሲል ደግሞ ከመጠገን በፊት የመቆለፊያው ምልክት በመስኮቱ ላይ አለመኖሩ ይታይ። ኤፍኤም ሠርቶ አጭር ሞገድ ብቻ ጨርሶ ከደነቆረ፣ በተለይ የውጭ ሽቦ ተገጥሞ ነጎድጓድ ካለፈ በኋላ፣ የመግቢያው ትራንዚስተር ተቃጥሎ ሊሆን ስለሚችል ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

ጥርጣሬው ካልተፈታ በኢንተርኔት የሚሠሩ የሩቅ መቀበያዎች ዳኛ ይሆናሉ። ኪዊኤስዲአር የተባሉት መቀበያዎች በብዙ አገሮች ተተክለው እስከ 30 ሜጋ ኸርዝ ለማንም ክፍት ናቸው፤ በኔዘርላንድስ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ መቀበያም እንዲሁ። በእነሱ የሚሰማ ጣቢያ በቤት የማይሰማ ከሆነ ጥፋቱን በቤቱና በአንቴናው ላይ መፈለግ ነው። በትዌንቴ አለመሰማቱ ግን ጣቢያው ለመዘጋቱ ማስረጃ አይሆንም፤ ወደ አፍሪካ ቀንድ የተነጣጠረ ስርጭት ኔዘርላንድስን ሊዘላት ስለሚችል ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ወይም ወደ ባሕረ ሰላጤው የቀረበ መቀበያ መምረጥ ያስፈልጋል።