ራዳርና ኦፕቲካል ምስል ሲጣሉ፦ የሀዋሳ ዙሪያን የዛፍ ማገገም ካርታ ስናወጣ የሚገጥሙን ችግሮች

ሴንቲኔል 2 የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ኦፕቲካል ነው፤ እንደ ካሜራ በብርሃን ስለሚያይ የሚያየው ቅጠሉን ነው። ወንድሙ ሴንቲኔል 1 ግን ራዳር ነው፤ የራሱን ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ይለካል፤ 5.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነው ሞገዱ ቅርንጫፉንና እርጥበቱን ይዳስሳል። ስለዚህ ሁለቱ ባይስማሙ አይግረማችሁ። አማካይ አውጥቶ ለማስታረቅ መቸኮል ግን ስህተት ነው። መጀመሪያ ጠባቸው በምን እንደሆነ ይጣራ።

ምልክት፦ መስከረም ላይ ሁሉም ቦታ «አገግሟል»

ኤንዲቪአይ (ከኦፕቲካል ምስል የሚሰላ የዕፅዋት መለኪያ) አረንጓዴነትን እንጂ ዛፍን አይለካም። ክረምት ሲወጣ ሣሩም በቆሎውም ቁጥቋጦውም ለእሱ አንድ ናቸው። የታኅሣሥና የጥር ምስል ውሰዱ፤ ሣሩ ይደርቃል፣ ደመናውም ይቀንሳል። እዚህ ላይ ግን ሌላ ጣጣ አለ። ግራር በበጋ ቅጠሉን ሊያራግፍ ይችላል፤ ያኔ ኦፕቲካሉ «ባዶ መሬት» ይላል። የራዳሩ ቪኤች (ከቅርንጫፍና ከቅጠል ተጋጭቶ አቅጣጫውን ቀይሮ የሚመለሰው ሞገድ) ካልወረደ ዛፉ እዚያው ቆሟል ማለት ነው። በዚህ ጉዳይ እኔ ራዳሩን አምናለሁ።

ምልክት፦ ራዳሩ በአንድ ቀን ሁሉንም አበራው

ዘንቦ ነበር። የራሰ አፈርና የራሰ ቅጠል ሞገዱን አጠንክሮ ይመልሳል። የዝናብ መዝገብ አይታችሁ ያንን ቀን ጣሉት፤ ከዚያ የደረቁ ቀናትን አማካይ አውጡ። አማካይ ስታወጡ ደግሞ በዴሲቤል (በሎጋሪዝም መለኪያው) አይደለም። መጀመሪያ ወደ ተራው ቁጥር መልሱት፣ አማካዩን አውጡ፣ በመጨረሻ ወደ ዴሲቤል ቀይሩት። ይህቺን ስንቱ ይረሳታል!

ምልክት፦ የሀዋሳው አላሙራ ተራራ በአንድ ጎኑ ደን፣ በሌላው ራቁቱን

ራዳር በጎን ነው የሚያየው። ፊቱን ወደ ሳተላይቱ ያዞረ ቁልቁለት ያለ ዛፍም ያበራል። በከፍታ ሞዴል የቁልቁለቱን ውጤት አርሙ፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር ከተካሄደው የኤስአርቲኤም ልኬት የወጣው የ30 ሜትር ሞዴል ይበቃል። የተለያዩ ዓመታትን ስታነጻጽሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ምህዋር ተጠቀሙ። የጠዋቱን 12 ሰዓት ምስል ከምሽቱ 12 ሰዓት ጋር አትቀላቅሉ።

ምልክት፦ ሁለቱም ተስማሙ፣ ካርታው ግን ተሳሳተ

ይሄኛው ነው ክፉው። ባለፈው በጋ ከተራራው ግርጌ አንድ ቦታ ካርታዬ ላይ ደምቆ «ያገገመ ደን» ሆኖ ወጣ። ስልኬን ይዤ ሄድኩ። ያገኘሁት በመስመር የቆመ የባህር ዛፍ ጉቶ ነው። ከእያንዳንዱ ጉቶ እንደ ክንድ የወፈሩ ሦስት አራት ግንዶች አቆጥቁጠዋል። ባለቤቱ አባት ስልኬን አዩና ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄ ደን አይደለም፣ አጣና ነው። ለከርሞ ይሸጣል» አሉኝ።

ሳተላይቶቹ አልዋሹም፤ ቅጠልም ግንድም አለ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሁለት ዓመት ብቻ አነጻጽሬ ነበር። መፍትሄው ረጅም ታሪክ ማየት ነው። ሴንቲኔል 1 ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ አለ፤ ለቀደመው ጊዜ የላንድሳት (የአሜሪካ ሳተላይቶች) የ30 ሜትር ምስል ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይገኛል። የአጣና መሬት በዓመታት ግራፍ ላይ መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፦ ሽቅብ ይወጣል፣ ይቆረጣል፣ እንደገና ይወጣል። ከንክኪ ነፃ ሆኖ የሚያገግም መሬት ግን ቀስ እያለ ነው የሚወጣው፤ ድንገትም አይወድቅም።

ምልክት፦ የመሬቱ ወሰን ዘሎ ተቀምጧል

የድሮው ካርታ አዲንዳን በሚባለው የኢትዮጵያ የቦታ መለኪያ መሠረት ነው፣ ሳተላይቱ ደግሞ ደብልዩጂኤስ 84 በሚባለው የዓለም አቀፍ መሠረት። ልዩነቱ ከመቶ ሜትር በላይ ነው። የወሰን ፋይሉን ወደ ደብልዩጂኤስ 84 ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን (በሜትር የሚለካ የካርታ ፍርግርግ) ቀይሩት።

ምልክት፦ ዛፉ ያድጋል፣ ራዳሩ ግን ቆሟል

የሴንቲኔል 1 አጭር ሞገድ ጥቅጥቅ ካለ ቅጠል በታች ብዙም አይዘልቅም። ከተወሰነ ደረጃ በኋላ ለጋ ደንና ያረጀ ደን ይመሳሰሉበታል። 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሞገድ ያለው የጃፓኑ የፓልሳር ራዳር ጠለቅ ይላል፤ የ25 ሜትር ዓመታዊ ምስሉም በነፃ ይገኛል። እሱም ሲቆም ሜትር ይዞ ግንድ ለግንድ መዞር ነው።