የሲሙሌተር ሞሽን (ወለሉን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት) ሲበራ አብራሪው ለምን ይብስበታል? ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ፦ ሲሙሌተሩ ቆሞ በእይታ ብቻ ሲበር አብራሪው ክንፉን አስተካክሎ ይይዛል። ሞሽኑ ሲበራ ግን እጁ ይበዛል፤ ግራ ሲያቀና ያልፈዋል፣ ቀኝ ሲመልስም ያልፈዋል። የአብራሪውን አያያዝ በሂሳብ የሚገልጸው ሞዴልም "አብራሪው ዘግይቷል" ይላችኋል።

መንስኤው፦ አብዛኛውን ጊዜ አብራሪው አይደለም፤ እባካችሁ የሞዴሉን ቁጥር ለመነካካት አትቸኩሉ። ሞሽን የሚጠቅመው ውስጠኛው ጆሮ መዞርን ከዓይን ቀድሞ ስለሚይዝ ነው። ይህ ቀዳሚነት ከጠፋ ሞሽኑ ከመርዳት ይልቅ ያውካል።

አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ የሞሽኑን ጌይን (የእንቅስቃሴውን መጠን) ስናወጣ ስናወርድ ሁለት ቀን አለቀ። በመጨረሻ ጋይሮስኮፕ ወለሉ ላይ፣ የብርሃን ሴንሰር ደግሞ ስክሪኑ ላይ አድማሱ በሚያልፍበት ቦታ ለጥፈን ስቲኩን በድንገት ገፋን። መጀመሪያ ስዕሉ ዞረ፤ ወለሉ ከኋላ ተከተለ። ኮዱ ሲከፈት አንድ ሰው የጃክ (ወለሉን የሚገፋው ክንድ) መንቀጥቀጥ ለማብረድ ባለ 1 ኸርዝ ሎውፓስ ፊልተር (ፈጣን እንቅስቃሴን የሚቀንስ ማጣሪያ) ጨምሮበታል። ያ ፊልተር ብቻውን ወደ 160 ሚሊሰከንድ ያዘገያል። በአውሮፓው ደንብ ለሲ እና ዲ (ለከፍተኛዎቹ) ደረጃ ሲሙሌተር የተፈቀደው መዘግየት 150 ነው! አብራሪው በሰከንድ 2.5 ራዲያን አካባቢ (በ2.5 ሰከንድ አንድ ዑደት ገደማ) ሲሠራ ፊልተሩ 22 ዲግሪ ፌዝ ይበላበታል፤ ማለትም ከ360 ዲግሪው ዑደት ያን ያህል ያዘገየዋል። መንቀጥቀጡ ራሱ የመጣው ካለቀ የጃክ መገጣጠሚያ ነበር። በሽታውን ትቶ ምልክቱን በፊልተር መሸፈን በጣም ያናድደኛል።

መፍትሄው፦ መገጣጠሚያውን ቀይሩ፣ ፊልተሩን አውጡ፣ እንደገና ለኩ። ሴንሰሩን ምንጣፍ ላይ እንዳትለጥፉ፤ ምንጣፉን ገልጣችሁ ብረቱ ላይ። መዞርን ለመለካት አክስለሮሜትር (የማጣደፍ መለኪያ) አትጠቀሙ፤ ወለሉ 10 ዲግሪ ሲያጋድል የመሬት ስበት ብቻውን 0.17 ጂ ወደ ጎን ያስነብበዋል። በሞዴሉም የዓይንና የጆሮ መንገድ ለየብቻ የራሳቸው መዘግየት ይኑራቸው፤ አንድ ላይ ከጠቀለላችኋቸው የማሽኑን ጥፋት አብራሪው ላይ ትለጥፋላችሁ። አብራሪው እንዲያስተካክለው የምትሰጡት የሙከራ ሲግናል አንድ ሳይን (ራሱን የሚደጋግም ሞገድ) ብቻ አይሁን፤ አብራሪው ይለምደውና ቀድሞ ይጠብቀዋል። ብዙ ሳይኖችን ደምሩ።

አብራሪው መዞሩ ሲያበቃ ወደ ተቃራኒው የተገፋ ከመሰለው የዋሽአውት ፊልተሩን (ወለሉን ቀስ አድርጎ ወደ መሃል የሚመልሰውን) መስበሪያ ፍሪኩዌንሲ ዝቅ አድርጉ፤ የጃኩ ርዝመት እንዳያልቅ ግን ተጠንቀቁ።

ሞሽን በርቶም ጠፍቶም ልዩነት ከሌለ ምናልባት ሥራው ቀላል ነው። ስቲኩ የመዞር ፍጥነቱን በቀጥታ የሚያዝበት አውሮፕላን አብራሪውን ቀድሞ እንዲገምት አያስገድደውም። ስቲኩ የመዞሩን ማጣደፍ (የፍጥነቱን ለውጥ) ብቻ የሚያዝበትን ሥራ ስጡት፤ ልዩነቱ እዚያ ይወጣል።