የሰፈር የአበባ ማኅበር እንዴት ይጀመራል? መስከረም ሲጠባ እኛ የምንሰራውን ልንገራችሁ

ሰላም ናችሁ? መስከረም ጠብቶ ዝናቡ መለስ ሲል፣ ሜዳው ሁሉ በአደይ ቢጫ ሲሆን፣ እኔም ጎረቤቶቼም ቤት መቀመጥ አይሆንልንም። የምንኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ከብሎካችን ፊት ያለችው ቦታ በፊት የተሰበረ ብሎኬትና ላስቲክ የሞላባት ነበረች፣ አሁን ጽጌረዳና ጂራኒየም ይዛለች፣ ጥግ ጥጉን ደግሞ ጤናዳምና በሶብላ። ይሄን ሁሉ የሰራነው በአበባ ማኅበር ነው። ቦታ የለኝም፣ ብር የለኝም፣ እኔ የተከልኩት አይበቅልም የሚል ሰው ሁሉ ሊጀምረው ስለሚችል፣ እንዴት እንደተነሳንና በዚህ ወቅት ምን ምን እንደምንሰራ በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ።

በነገራችን ላይ ብዙዎቻችን መስከረምን ጸደይ እንለዋለን፣ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታህሳስ 25 ያለው መፀው ነው የሚባለው፣ ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው። ለአበባ ስራ ግን ዋናው ነገር አፈሩ ገና እርጥብ ሆኖ ፀሐይ መውጣቷ ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያሉት ሳምንታት ወርቅ ናቸው፣ ኅዳር ሲገባ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ስሩን ያልሰደደ ተክል ያኔ ይጎዳል። ስለዚህ ለሚቀጥለው ሳምንት እያላችሁ አትግፉት።

1. ሰው አሰባስቡ፣ እንደ እቁብ አድርጉት

ከ6 እስከ 10 ሰው ይበቃል፣ ከዛ ከበዛ መገናኘቱ ይከብዳል። እኛ 9 ነን፣ ጡረታ የወጡ አሉ፣ ሱቅ የሚሰሩ አሉ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም አለ። መጀመሪያ ላይ ብር እናዋጣ ብለን ነበር፣ ከዛ አንዷ እማማ "ብር ከገባበት ጭቅጭቅ ይመጣል ልጆቼ፣ አበባ ብቻ እንጣል" አሉና እንደሳቸው ሆነ፣ እስከዛሬም በዛው ነን።

አሰራሩ ቀላል ነው። ዕጣ ታወጣላችሁ፣ በየቅዳሜው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ዕጣ የወጣለት ሰው ጋ ትሄዳላችሁ፣ ሁሉም ሰው ከራሱ ተክል አንድ ቁራጭ ወይ ችግኝ ይዞ ይመጣል፣ ከዛ በደቦ የዛን ሰው ቦታ ቆፍራችሁ፣ ገርዛችሁ፣ ተክላችሁ ትጨርሳላችሁ፣ ባለቤቱ ቡና ያፈላል። 9 ሰው ከሆናችሁ 9 ቅዳሜ ነው፣ ከመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ከተጀመረ ኅዳር ላይ ያልቃል። ጉልበት የሌለው ወይ የታመመ ካለ ግን ዕጣ ሳይጠበቅ ቅድሚያ ስጡት፣ እቁብም እኮ ችግር ያለበትን ያስቀድማል። የራሱን ተራ ከወሰደ በኋላ የሚጠፋ እንዳይኖር ደግሞ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ፣ ይሄ ነገር ማኅበር ያፈርሳል።

መሬት ከሌላችሁ በረንዳ ይበቃል። የጋራ ቦታ ላይ ከሆነ ግን ሳትቆፍሩ ለነዋሪ ኮሚቴው ተናገሩ፣ የውሃ ቱቦና የመብራት መስመር በየት እንደሚያልፍም ጠይቁ።

2. አፈሩን አዘጋጁ

እፍኝ አፈር አንሱና ጨብጡት። እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረ ዋልካ ነው፣ ክረምት ላይ ውሃ ያቁራል በጋ ላይ ይሰነጣጠቃል፣ ብቻውን ለአበባ አይሆንም። እኛ የምንጠቀመው 2 ባልዲ አፈር፣ 1 ባልዲ የበሰለ ፍግ ወይ ኮምፖስት፣ 1 ባልዲ አሸዋ ነው።

የበሰለ ያልኩት በምክንያት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ትኩስ የከብት ፍግ በጆንያ አምጥተን በዛው ቀን ከአፈሩ ጋር ቀላቅለን ተከልንበት፣ በ10 ቀን ውስጥ ከ12 ችግኝ 9ኙ የቅጠላቸው ጠርዝ ቡናማ እየሆነ ደረቁ። ስሩን ነው ያቃጠለው። አሁንም ሳስበው ያሳዝነኛል፣ የሰው እጅ ያፈላው ችግኝ ነበራ። ፍጉ ሲበስል ይጠቁራል፣ ይፈረፈራል፣ እጃችሁን ስትከቱበት አይሞቅም፣ ሽታውም የዝናብ አፈር ይመስላል። ካልሆነ ሸፍናችሁ ጥቂት ወራት አቆዩት፣ ለዘንድሮ ካልደረሰ ለከርሞ ይሆናል።

ለበረንዳ ፖት መግዛት የግድ አይደለም። የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን አፉን ቆርጣችሁ ታቹን በጋለ ሚስማር 5 ወይ 6 ቦታ ብሱት፣ ከስር ጠጠር ጣል አድርጉበት፣ ውሃው እንዲወርድ ሁለት ድንጋይ ላይ አስቀምጡት። በቃ።

3. ጽጌረዳውን ግረዙ፣ የገረዛችሁትን አትጣሉት

ይሄ የእኔ ተወዳጅ ስራ ነው፣ ስለዚህ ረዘም ብል ይቅር በሉኝ።

ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የመታው ጽጌረዳ ቅርንጫፉ ይጠላለፋል፣ ከስሩ ይጠቁራል። መጀመሪያ የደረቀውንና የጠቆረውን ሙሉ በሙሉ አውጡ፣ ቀጥሎ እርስ በርስ የሚፋተገውን። ከዛ የቀረውን ስትቆርጡ ወደ ውጭ የሚያየውን አይን ፈልጉ፣ አይን የምለው ቅጠሉ ከግንዱ የሚገናኝበት ጋ ያለችውን ቀላ ያለች እብጠት ነው፣ ከሷ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ ዘመም አድርጋችሁ ቁረጡ። አዲሱ ቅርንጫፍ ወደ ውጭ ይወጣል፣ መሃሉ ንፋስ ያገኛል። መቀሱ የተሳለ ይሁን፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ስትሄዱ ደግሞ በአልኮል ጥረጉት፣ በሽታ በመቀስም ይዞራል።

ከተገረዘው ውስጥ አበባው በቅርብ የረገፈ፣ ውፍረቱ እርሳስ የሚያህል ግንድ ምረጡና ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ፣ 4 አይን ይኑረው። የታችኛውን ጫፍ ከአይን ስር አስጠግታችሁ ቁረጡት። ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ተዉለት፣ ሌላውን አንሱ። ግማሽ አሸዋ ግማሽ አፈር ያለበት ጣሳ ውስጥ በእንጨት ቀዳዳ አበጅታችሁ (እንዲሁ ከሰካችሁት ልጡ ይላጣል) ሁለቱ አይን ከአፈር በታች እንዲሆን አድርጋችሁ ክተቱት፣ ዙሪያውን ጫን ጫን፣ ውሃ። ከዛ የ2 ሊትር ሃይላንድ ታቹን ቆርጣችሁ ከላይ ድፉበት፣ ክዳኑ ይከፈት። ጥላ ቦታ አስቀምጡት።

አሁን ትዕግስት ነው። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። በሁለተኛው ሳምንት ግድም ትንሽ ቀይ ቅጠል ብቅ ይልና ሰው ሁሉ ያዘ ብሎ ይደሰታል፣ ያ ግን ግንዱ በራሱ ስንቅ ያወጣው ቅጠል ሊሆን ይችላል፣ ስር አለው ማለት አይደለም። በዛን ጊዜ ነቅላችሁ ካያችሁት አበቃለት። 5ኛው ሳምንት ላይ በሁለት ጣት ይዛችሁ በጣም በቀስታ ሳብ አድርጉት፣ ከስር የሆነ ነገር እንቢ ካለ ይዟል። ያቺን እንቢታ እጃችሁ አንዴ ካወቃት አትረሷትም። ሁሉም ግን አይዝም፣ እኛ ከ10 ተክለን 5 ከያዘልን ደስ ይለናል፣ ስለዚህ ብዙ አድርጋችሁ ትከሉ።

ጂራኒየም ከዚህ ይቀላል፣ 10 ሳንቲ ሜትር ቆርጦ የተቆረጠው ጫፍ እስኪደርቅ ከጠዋት እስከ ማታ ጥላ ውስጥ ማቆየት፣ ከዛ መትከል፣ ሃይላንድ አይደፋበትም፣ እርጥበት ከበዛበት ይበሰብሳል።

4. ስም ስጡት፣ መዝግቡት

ቁራጩ ላይ ከማን እንደመጣ በወረቀት ፕላስተር ጻፉበት። እኛ ጋ አበቦቹ በባለቤታቸው ነው የሚጠሩት፣ የእማማ ቀይ፣ የ3ኛ ፎቋ ነጭ፣ የጋሼ ቢጫ እየተባለ። ፎቶ አንስተን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ እናስቀምጣለን፣ ቀኑን ጨምረን።

ጥቅሙን ያየነው አምና ነው። የእማማ ቀይ ጽጌረዳ የቆየ ነው፣ ከድሮ ሰፈራቸው ሲነሱ በጆንያ ጠቅልለው ያመጡት፣ ሽታው ደረጃ ላይ ስትወጡ ይደርሳችኋል። ለቱቦ ቁፋሮ የመጡ ሰዎች ሳያዩት ከነስሩ አወጡት፣ እኛ ስንደርስ ፀሐይ ላይ ውሎ ደርቋል። እማማ ምንም አላሉም፣ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ገቡ። ግን ያ ጽጌረዳ እኮ ከመካከላችን 6 ቤት አለ፣ በማኅበሩ ተከፋፍለነዋል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስድስታችንም ከየቤታችን ሁለት ሁለት ቁራጭ ይዘን ሄድን። ከ12ቱ 7 ያዘ። ዘንድሮ መስከረም ላይ አበበ፣ እማማ የመጀመሪያዋን አበባ አልቆረጧትም፣ በየቀኑ ጠዋት ወጥተው ያዩዋታል። በሉ እናንተም በጣም የምትወዱት አበባ ካላችሁ ቤታችሁ ብቻ እንዳይቀር፣ ቢያንስ ለሁለት ሰው ስጡት።

5. እንክብካቤው

ውሃ በጠዋት፣ ከስሩ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይሁን። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ፣ እርጥብ ከሆነ አታጠጡ፣ ብዙ አበባ የሚሞተው ከጥማት ይልቅ በውሃ ብዛት ነው። ለጋ ጫፍ ላይ አረንጓዴ ክሽክሽ (ትንንሽ ተባይ) ካያችሁ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ማታ ማታ ርጩት፣ የቅጠሉን ጀርባ አትርሱ።

ልጆች ያሉበት ግቢ ከሆነ ምን እንደምትተክሉ እዩ። ያ እንደ ጡሩምባ ቁልቁል የሚንጠለጠለው ትልቁ አበባ የአስተናግር ዘመድ ነው፣ መርዝ ነው፣ ኦሊያንደር የሚባለው ሮዝ ወይ ነጭ አበባ ያለው ቁጥቋጦም እንደዛው። ያምራሉ፣ ግን እኛ አንተክላቸውም።

6. አንድ ቀን ወጣ በሉ

ጥቅምት ላይ አንዱን ቅዳሜ ለጉዞ እንተዋለን፣ ወይ ጉለሌ እፅዋት ማዕከል ወይ እንጦጦ። ቀጋን እዛ ለልጆቹ እናሳያቸዋለን፣ የራሳችን የሀገር ጽጌረዳ ነው፣ ነጭ አበባ ያለው እሾኻም ቁጥቋጦ፣ ብዙ ሰው ጽጌረዳ የፈረንጅ ብቻ ይመስለዋል። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ አካባቢ ይቺን ከተማ አዲስ አበባ ያሏት ምን እያዩ እንደነበር እዛ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ ይገባችኋል። ከጫካው ግን ምንም አትንቀሉ፣ ፎቶ ይበቃል።

7. የአደይ ዘር ሰብስቡ

ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ የአደይ ራሱ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ፣ ፀሐይ ባለበት ቀን ረፋድ ላይ፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ራስ ራሱን ቀንጥሱ፣ ከየቦታው ጥቂት ጥቂት ብቻ፣ ለመሬቱም ይቅርለት። ጋዜጣ ላይ አስጥታችሁ አንድ ሳምንት አድርቁት። ላስቲክ ውስጥ አይሁን፣ ይሻግታል፣ የወረቀት ከረጢት ውስጥ ክተቱትና "ሰኔ" ብላችሁ ጻፉበት። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምር መሬቱን ጫር ጫር አድርጋችሁ ትበትኑታላችሁ፣ ብዙ አትቅበሩት።

እኛ ዘሩን 9 ቦታ የምንካፈለው በመጨረሻው ቅዳሜ ቡና ላይ ነው፣ ሦስተኛው ሲቀዳ የሚቀጥለው ዓመት ዕጣ እዛው ይወጣል። ዘንድሮ አንደኛ የወጣው ለተማሪው ነው፣ በረንዳው ላይ እስካሁን አንድ ጣሳ ብቻ ነው ያለው፣ ጀሪካን ከወዲሁ እየሰበሰብንለት ነው።