ማይግሬን ሲነሳ በቤት ውስጥ የሚደረግ እርዳታ፤ ለቡና አገር ሰው

በጅማ ራሱን ይዞ የተኛ ሰው ሲታይ ብዙ ጊዜ «ምች መትቶት ነው» ይባልና ዳማከሴ ይጨመቅለታል። ሕመሙ ግን በአንድ ወገን ከዓይን ጀርባ እንደ ልብ ምት እየተመላለሰ የሚወጋ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚብስ፣ ከማቅለሽለሽ ጋር ብርሃንና ድምፅ የሚያስጠላ ከሆነ ማይግሬን ሊሆን ይችላል። ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት የሚቆይ ሲሆን፣ ሴቶችን ከወንዶች በሦስት እጥፍ ገደማ ይበልጥ ያጠቃል። ጠንካራ ሽታ ማይግሬንን ሊያባብስ ስለሚችል፣ ቅጠሉ ከመጨመቁ በፊት ታማሚውን መጠየቅ ይገባል።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ቀድሞ መንቃት ነው። ብዙ ታማሚዎች ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ደጋግመው ያዛጋሉ፣ አንገታቸው ይከብዳቸዋል፣ አንዳንዶቹም ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ድረስ ዓይናቸው ላይ የሚብለጨለጭ ጠመዝማዛ መስመር ያያሉ። ይህ ምልክት ሲታይ «ይህችን ሥራ ልጨርስና» ማለት ሕመሙ ሥር እንዲሰድ ጊዜ መስጠት ነው። መጋረጃውን ዘግተው ጨለም ባለ ክፍል ይተኙ፤ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ጨምቀው ግንባርዎ ላይና ማጅራትዎ ላይ ለ15 ደቂቃ ያህል ያኑሩ፤ ውኃም ቀስ እያሉ ይጠጡ። በክረምት የጅማ ዝናብ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ድምፁ ለታማሚ ከባድ ስለሆነ፣ ኮርኒስ ያለው ክፍል ይመረጣል፤ ከሌለ ንጹሕ ጥጥ ጆሮ ላይ ማድረግ ይረዳል። ብርድ ነው ተብሎ ግን የከሰል ምድጃ ወደ ተዘጋው ክፍል ፈጽሞ መግባት የለበትም። ከሰል የሚያወጣው ሽታ አልባ መርዛማ ጋዝ ራሱ ራስ ያሳምማል፣ ይገድላልም። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች አብረው ራሳቸውን ካመማቸውና ደጅ ሲወጡ ከተሻላቸው፣ ጉዳዩ ማይግሬን ሳይሆን ከሰሉ ነው።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ፤ በእኛ አካባቢ መድኃኒቱም መዘዙም እሱ ነውና። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የጭንቅላት የደም ሥሮችን ያጠብባል፣ የሕመም ማስታገሻ ክኒንንም ያግዛል፤ ስለዚህ ሕመሙ ሲጀምር አንድ ስኒ ቡና መጠጣት ብዙዎችን ያስታግሳል። ነገር ግን ጠዋትም ከሰዓትም ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣ ሰው አካሉ ካፌይኑን ስለሚለምድ፣ ቡናው ሲቋረጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታት ይጀምረዋል። እናቴ በየዓመቱ የረመዳን የመጀመሪያ ቀናት ከዐስር ሶላት በፊት ሻሿን ግንባሯ ላይ አጥብቃ አስራ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛ ነበር። እኛም የጾሙ ድካም ይመስለን ነበር። ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት አስቀድማ በየሦስት ቀኑ አንድ ስኒ እየቀነሰች፣ የቀረውንም በሱሁር ሰዓት መጠጣት ስትጀምር ሕመሙ በጣም ቀለለላት። ለሁዳዴም ሆነ በሌሊት ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ለሚጓዝ ሰው መንገዱ ያው ነው፦ ቡናን በአንድ ጊዜ አለማቋረጥ፣ በየቀኑም በተመሳሳይ ሰዓትና መጠን መጠጣት።

ማቅለሽለሹ ከባሰ ዝንጅብል ጥሩ ነው። የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል እርጥብ ዝንጅብል ወቅጠው በአንድ ብርጭቆ ውኃ 10 ደቂቃ ያህል አፍልተው በትንሽ በትንሹ ይጠጡ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ቡና ላይ የሚጨመረውን ጤና አዳም ነፍሰ ጡር ሴት ብትተወው ይሻላል፤ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል።

ክኒን ከተፈለገ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ሕመሙ እንደጀመረ መውሰድ ይጠቅማል፤ ዘግይቶ የተወሰደ ክኒን ብዙ ጊዜ አያድንም። አይቡፕሮፌን ጨጓራ ወይም ኩላሊት ለታመመና ለነፍሰ ጡር አይሆንም። እነዚህን ማስታገሻዎች በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት መውሰድ ራሱ ሌላ ራስ ምታት ስለሚያመጣ፣ በሳምንት ከሁለት ቀን ባይበልጥ መልካም ነው።

ጫት በማይግሬን ለሚሠቃይ ሰው አይመከርም። እንቅልፍ ያሳጣል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ እንቅልፍ ማጣትና ምግብ መዝለል ደግሞ ዋነኞቹ የማይግሬን ቀስቃሾች ናቸው። የራስን ቀስቃሽ ለማወቅ በትንሽ ደብተር ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት፣ የተበላውንና የተጠጣውን፣ የተኙበትን ሰዓት፣ ሴቶችም የወር አበባ ቀናቸውን ለሦስት ወር ያህል መመዝገብ ይጠቅማል።

በድንገት የፈነዳና ከዚህ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ሕመም፣ ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር የመጣ፣ አንድ ወገን አካል ያደነዘዘ ወይም አንደበት ያሰረ፣ ራስ ከተመታ በኋላ የተነሳ፣ ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ ወይም በእርግዝና ጊዜ ከዓይን ብዥታ ጋር የሚመጣ ራስ ምታት ግን በቤት የሚታከም አይደለም። ምሽት ነው፣ ዝናብ ነው ሳይሉ በቶሎ ባጃጅ ይዘው ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ፤ ደብተሩም ቅርብ ከሆነ ይዘውት ይሂዱ።