ከጨጓራ ማሳነሻ ኦፕራሲዮን በፊትና በኋላ ምግብ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ስሊቭ ከተሰራሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፣ እና አንድ ነገር ላይ እርግጠኛ ነኝ፦ ኦፕራሲዮኑ ጨጓራን እንጂ የአበላል ልማድን አይቆርጥም። ቶሎ ቶሎ መዋጥ፣ እየጠጡ መብላት፣ ሳይርብ መቀማመስ፣ ሁሉም አብሮን ከኦፕራሲዮን ክፍል ይወጣል። ከዛ በኋላ የሚያጋጥመን ችግር አብዛኛው ስንት ዓመት የለመድነው አበላል ከአዲሱ ጨጓራ ጋር ሲጋጭ የሚመጣ ነው። ስለዚህ አንድ ምልክት ሲመጣባችሁ መጀመሪያ "አሁን ምን በላሁ፣ እንዴት በላሁት?" በሉ፣ ብዙ ጊዜ መልሱ እዛው ሳህኑ ላይ ነው። የማይሆንበትንም እዚሁ እጠቅሳለሁ።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፣ ስሊቭ ማለት ከጨጓራው ወደ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣና ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ይቀራል። ባይፓስ ደግሞ ከጨጓራው አናት ላይ 30 ሚሊ አካባቢ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ትሰራና ቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገናኛለች፣ ምግቡ ቀሪውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ዘሎ ነው የሚያልፈው። ልዩነቱ ታች ስለሚያስፈልገን ያዙት።

ገና ሳልሰራ፦ "የሁለት ሳምንቱን ዳይት አልቻልኩትም"

ምልክቱ፦ ከኦፕራሲዮኑ በፊት በሚታዘዘው ዳይት ላይ ሆነን ቀኑ ሲቃረብ ራስ ምታት፣ መነጫነጭ፣ ሌሊት የምግብ ሐሳብ። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ "ከዚህ በኋላ መቼም አልበላውም" የሚለው ስሜት ነው፣ ሰው የሚወደውን ምግብ ሁሉ አንድ በአንድ ሊሰናበት ይነሳል። እኔም ሳምንት ሙሉ እንደዛ አድርጌያለሁ።

ምክንያቱ፦ ራስ ምታቱ ካፌይንና ስኳር ድንገት ሲቋረጥ የሚመጣ ነው፣ በጥቂት ቀን ይለቃል። ስንብቱ ግን ፍርሃት ነው። ፍርሃቱን የሚያባብሰው ዳይቱ ለምን እንደታዘዘ በደንብ አለማወቃችን ነው፣ ብዙዎቻችን ቁርጠኝነታችንን ሊፈትኑ ይመስለናል። አይደለም፣ ለጉበት ነው። የጉበት ግራ ክፍል ጨጓራው ላይ ተጋድሞ ነው ያለው፣ ሰርጀኑ በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ሲሰራ ጉበቱን ከፍ አድርጎ ነው ጨጓራው ጋር የሚደርሰው። ጉበቱ በስብና በተከማቸ ስኳር አብጦ ከሆነ ለማንሳት ያስቸግራል፣ በቀላሉ ይደማል፣ አንዳንዴ ኦፕራሲዮኑ ጭራሽ ሳይሰራ ይቀራል። ካሎሪውና ካርቦሃይድሬቱ ሲቀንስ ጉበቱ ያከማቸውን ይጠቀምና ይሟሽሻል። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ነው እኔ ዳይቱን የያዝኩት፣ ለራሴው ደህንነት እንደሆነ ሲገባኝ።

መፍትሄው፦ ካፌይን ዳይቱ ከመጀመሩ በፊት ቀስ እያላችሁ ቀንሱ። በእያንዳንዱ ምግብ ፕሮቲን ይኑር፣ ራቡን የሚያስታግሰው እሱ ነው። የስኳር መድኃኒት ወይ ኢንሱሊን የምትወስዱ ሰዎች ዳይቱን ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ ምግብ ቀንሶ ዶዙ እንደድሮው ከቀጠለ የደም ስኳር በጣም ሊወርድ ይችላል። ዳይቱን አንድ ቀን ካበላሻችሁ በማግስቱ ቀጥሉ፣ ብዙ ቀን ካበላሻችሁ ግን ለሰርጀኑ አትደብቁት። ስንብቱን በተመለከተ ደግሞ፣ ከጊዜ በኋላ አብዛኛውን ምግብ መልሳችሁ ትበሉታላችሁ፣ የሚለወጠው መጠኑና አበላሉ ነው።

በዚሁ ጊዜ ልምምድ ጀምሩ። ሰዓት ይዤ ስበላ አንድ ሙሉ ሳህን በስድስት ደቂቃ ነበር የምጨርሰው፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ግን ግማሽ ስኒ ምግብ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ጉርሻውን 20፣ 25 ጊዜ ማላመጥ፣ በየጉርሻው መሃል ሹካውን ማስቀመጥ፣ ከምግብ ጋር አለመጠጣት። አሁን ጨጓራችሁ ሰፊ ሆኖ ስህተቱን እየቻለላችሁ ብትለምዱት በኋላ ከመሰቃየት ትድናላችሁ።

ጉርሻው ደረት መሃል ላይ ቆመ፣ አፍ በምራቅ ሞላ

አምስተኛው ሳምንቴ ላይ ነው። ከማታ የተረፈ የዶሮ ደረት አሙቄ ስልክ እያወራሁ ሁለት ሦስቴ ጎረስኩ። ድንገት ከደረቴ አጥንት በታች ድንጋይ የተቀመጠ መሰለኝ፣ አፌ በምራቅ ይሞላል፣ ብተፋው እንደገና ይሞላል፣ ወፍራም አረፋ ያለው ነገር ነው። ውሃ ይገፋው ይሆናል ብዬ ግማሽ ብርጭቆ ጠጣሁ፣ ትልቁ ስህተት እሱ ነበር። ውሃውም የሚሄድበት አጥቶ ከላይ ተቀመጠና ህመሙ እጥፍ ሆነ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ሲንኩ ላይ ተደግፌ ቆይቼ ነው ተመልሶ የወጣው።

ምክንያቱ፦ በደንብ ያልላመ ወይ ደረቅ ምግብ በጠባቡ መንገድ ማለፍ ያቅተዋል፣ ሰውነት ደግሞ አለስልሶ ሊያሳልፈው ምራቅ ያመርታል። በብዛት የሚያስቸግሩት ተመልሶ የሞቀ ዶሮ፣ ጠንካራ ስጋ፣ ለስላሳ ዳቦ (ሲላመጥ ሊጥ ይሆናል) እና የተጣበቀ ሩዝ ናቸው።

መፍትሄው፦ መብላት አቁሙ፣ ምንም አትጠጡበት። ተነሱ፣ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፣ ምራቁን ትፉት። አብዛኛውን ጊዜ ወይ ያልፋል ወይ ይመለሳል። የቀረውን ቀን በፈሳሽ ዋሉ፣ ጨጓራው ይረፍ። በሌላ ጊዜ ስጋውን የአተር ፍሬ አሳክላችሁ ቁረጡት፣ መረቅ ወይ እርጎ ጨምሩበት፣ ስልክና ቲቪ ዝጉ። ለሰዓታት ካልለቀቃችሁ፣ ምራቃችሁ እንኳን አልወርድ ካለ ግን ሆስፒታል ሂዱ። ሌላው ደግሞ በፊት በደህና ይሄድ የነበረ ለስላሳ ምግብ በየሳምንቱ እየባሰበት መሰካት ከጀመረ የአበላል ጉዳይ ላይሆን ይችላል፣ መንገዱ ጠቦ ሊሆን ይችላል። ይሄ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ) ታይቶ በባሉን የሚሰፋ ነገር ነው፣ "እኔ ነኝ ቶሎ የበላሁት" እያላችሁ ራሳችሁን እየወቀሳችሁ አትቆዩ።

ማዞር፣ ራስ ምታት፣ የጠቆረ ሽንት

ይሄ የውሃ እጥረት ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰው ወደ ሆስፒታል ከሚመለስባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ። ድሮ ሲጠማን አንድ ብርጭቆ በአንድ ትንፋሽ እናንቆረቁራለን፣ አሁን ያ አይቻልም፣ ከምግብ የምናገኘው የነበረ ውሃም ቀርቷል። ጠዋት የረሳችሁትን ማታ አትደርሱበትም። እኔን የረዳኝ ትንሽ የመድኃኒት መለኪያ ስኒ ናት፣ 30 ሚሊ የምትይዝ፣ እሷን ሞልቼ በአስር በአስራ አምስት ደቂቃ እየተጎነጨሁ መጨረስ፣ ከዛ ድጋሚ መሙላት። ግቡ ቀስ በቀስ በቀን 1.5 ሊትርና ከዛ በላይ መድረስ ነው። ተራ ውሃ ጨጓራው ላይ የሚከብዳቸው ሰዎች አሉ፣ ለብ ያለ ወይ በረዶ የገባበት ሞክሩ። ጋዝ ያለው መጠጥ ይቅር፣ ስትሮም አየር ስለሚያስገባ በመጀመሪያው ጊዜ ቢቀር ይሻላል። ፈሳሽ ቀኑን ሙሉ እምቢ ካለ ፈሳሽ በደም ስር መውሰድ ሊያስፈልግ ስለሚችል ደውሉ።

ከምግብ ጋር አትጠጡ፣ ከበላችሁ በኋላም 30 ደቂቃ ጠብቁ የሚባለው ደግሞ ሁለት ምክንያት አለው፦ ቦታ የለም፣ እና ፈሳሹ ምግቡን ቶሎ አጥቦ ስለሚያወርደው ጥጋቡ አይቆይም።

ከበላሁ በኋላ ላብ፣ የልብ ምት፣ ቁርጠት፣ ከዛ ተቅማጥ

ዳምፒንግ ይባላል። ባይፓስ ላይ ይበዛል፣ ስሊቭ ያለንም ያገኘናል። ሁለት ዓይነት ስለሆነ ሰዓታችሁን እዩ።

በልታችሁ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ከመጣ፣ ጣፋጭ ነገር በአንዴ አንጀት ውስጥ ገብቶ ነው። አንጀቱ ስኳሩን ለማቅጠን ውሃ ከደም ይስባል፣ ከዛ ሆድ ይነፋል፣ ልብ ይሮጣል፣ መተኛት ያሰኛል። ጋደም በሉ፣ ያልፋል። ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ ከመጣ፣ ከተንቀጠቀጣችሁ፣ ዓይናችሁ ከደበዘዘ፣ ድንገት ከራባችሁ ደግሞ ሌላ ነው፦ ስኳሩ ቶሎ ደም ውስጥ ሲገባ ኢንሱሊን በብዛት ይለቀቅና የደም ስኳርን ከልክ በታች ያወርደዋል። ለጊዜው ትንሽ ጭማቂ ይበቃል፣ ግን ወዲያው ፕሮቲን ያለው ነገር አስከትሉ፣ አለዚያ ዙሩ ይደገማል። መኪና እየነዳችሁ ከሆነ ዳር ያዙ። ለሁለቱም መከላከያው አንድ ነው፣ ፕሮቲን መጀመሪያ፣ ጣፋጭ ለብቻው ባዶ ሆድ ላይ በጭራሽ፣ ጭማቂና ጣፋጭ መጠጥ ደግሞ ፈሳሽ ስለሆነ ከሁሉም ይብሳል። እንደዛም አድርጋችሁ እየተደጋገመ ከመጣ ሐኪም ይየው።

በየቀኑ ማስመለስ

አንዳንዴ አንድ ጉርሻ አብዝቶ ማስመለስ ያለ ነው። የጥጋብ ምልክቱ እንደድሮው ሆድ ላይ አይደለም፣ ስቅታ፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ማስነጠስ ወይ ደረት ላይ መጫን ሊሆን ይችላል፣ የራሳችሁን ለዩትና እዛ ላይ አቁሙ። ሌላው ምክንያት ደረጃ መዝለል ነው። ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ ከዛ ወፈር ያለ ፈሳሽ፣ ከሁለት ሳምንት አካባቢ በኋላ የተፈጨ፣ ቀጥሎ ለስላሳ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት አካባቢ መደበኛ ምግብ። ጊዜው ከሐኪም ሐኪም ትንሽ ይለያያል፣ የናንተን ሐኪም ወረቀት ተከተሉ፣ ስፌቱ እስኪድን ነው።

ግን እባካችሁ ይሄን ልብ በሉ፦ ማስመለሱ ቀን በቀን ከሆነና ሁለት ሦስት ሳምንት ከዘለቀ አደገኛ ነው። ቫይታሚን ቢ1 በሰውነት ውስጥ የሚከማቸው ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። ሲያልቅ ዕይታ ሁለት ሁለት ይሆናል፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ መርሳትና ግራ መጋባት ይመጣል፣ ከቆየ የአንጎል ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። እዛ ደረጃ ሳይደርስ ሂዱና ኦፕራሲዮን እንደተሰራችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ቢ1 መሰጠት አለበት። ድንገተኛ ክፍል ያለው ሰው ታሪካችሁን ካልነገራችሁት አያውቅም፣ አብሯችሁ የሚሄደው ሰውም ይወቀው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ ትኩሳት፣ በእረፍት ላይ እያላችሁ የሚሮጥ የልብ ምት፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ህመም ወይ የግራ ትከሻ ህመም ከመጣ ያ የምግብ ችግር አይደለም፣ ስፌቱ አፍስሶ ሊሆን ስለሚችል ነገ ልየው አይባልም።

ፀጉር እየረገፈ፣ ጉልበት እየከዳ

ብዙውን ጊዜ ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ፀጉር በእጅ ይመጣል፣ ሴቶች እህቶቼ በተለይ እንደሚያለቅሱበት አውቃለሁ። ኦፕራሲዮኑና ፈጣኑ የክብደት መቀነስ ሰውነትን ስለሚያስጨንቁት ብዙ ፀጉር በአንዴ ወደ እረፍት ይገባል፣ ስሩ አልሞተም፣ ተመልሶ ይበቅላል። ፕሮቲን፣ አይረንና ዚንክ ካነሱ ግን ይባባሳል። ፕሮቲን በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ነው የሚመከረው፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እርጎ፣ ምስር፣ ካልሞላ የፕሮቲን ሼክ። አትክልቱንና ካርቦሃይድሬቱን ከፕሮቲኑ በኋላ ብሉ።

ቫይታሚኑ ለዕድሜ ልክ ነው። እኔ ስምንተኛው ወር ላይ ደህና ነኝ ብዬ ትቼው ደረጃ መውጣት እስኪያቅተኝ ደክሜ ነበር፣ ሲመረመር አይረኔ ወርዷል። አይረንና ካልሲየም አንዱ ሌላውን ስለሚሻማ ቢያንስ በሁለት ሰዓት አራርቁ፣ አይረንን ከሻይና ከቡና ጋር አትዋጡት። ካልሲየሙ ሲትሬት የሚለው ቢሆን ይሻላል፣ አሲድ ባነሰበት ጨጓራ በደንብ ይዋሃዳል። ቢ12 ክምችቱ ስለሚቆይ እጥረቱ ዘግይቶ ነው የሚታየው፣ እጅና እግር መደንዘዝ ከጀመረ ቶሎ አስመርምሩ።

ትንንሾቹ

የሆድ ድርቀት፦ ምግብ አነሰ፣ ውሃ አነሰ፣ አይረን ተጨመረ። ውሃውን አስተካክሉ፣ ተራመዱ፣ ካልሆነ ማለስለሻ ይታዘዛል። ቃር፦ ስሊቭ ላይ የተለመደ ነው፣ ማታ ከመተኛታችሁ ሦስት ሰዓት በፊት መብላት አቁሙ፣ ካልለቀቀ ሐኪም። ህመም ማስታገሻ፦ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ በተለይ ባይፓስ ላይ ቁስለት ያመጣሉ፣ ሲጋራም እንደዚያው። ከምግብ በኋላ በቀኝ ጎን ከጎድን በታች የሚጨምቅ ህመም፦ ክብደት በፍጥነት ሲወርድ የሐሞት ጠጠር ይፈጠራል፣ አልትራሳውንድ ተነሱ። አልኮል፦ ከድሮው በጣም ፈጥኖ ደም ውስጥ ይገባል፣ ምግብን በመጠጥ የተካ ሰው ስላየሁ ቢቀርባችሁ ደስ ይለኛል።

ሚዛኑ ቆመ፣ ወይ መመለስ ጀመረ

ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ከቆመ አትደንግጡ። መጀመሪያ የወረደው ብዙው ሰውነት ካከማቸው ስኳር ጋር የተያዘ ውሃ ነበር፣ አሁን ሰውነት እያስተካከለ ነው። ምግብ አትቀንሱ፣ በሳምንት አንዴ ተመዘኑ፣ ወገባችሁን ለኩ።

ከዓመት ከዓመት ተኩል በኋላ መመለስ ሲጀምር ግን ሌላ ነገር ነው። የራብ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ስሊቭ ላይ ከሚቆረጠው ክፍል ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ወራት ራብ የሚባል ነገር ይጠፋል፣ በኋላ ግን ተመልሶ ይመጣል፣ ያኔ ደግሞ ድሮ የነበረው መቀማመስ ይከተላል። ብስኩት፣ ቺፕስ፣ አይስክሬም አፍ ውስጥ ቀልጠው ስለሚወርዱ ጨጓራውን አይሞሉትም፣ ስጋ ሦስት ጉርሻ የማይገባለት ሰው አንድ ሙሉ ፓኬት ብስኩት ይጨርሳል። እኔ ወደ ስድስት ኪሎ የጨመርኩት እንደዛ ነው፣ ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ በሚቀመጥ ፓኬት።

ያደረግኩት ይሄ ነው፦ ለአንድ ሳምንት አፌ የገባውን ሁሉ ከነሰዓቱ ፃፍኩ፣ ሦስት ጊዜ በላሁ ስል አስራ አንድ ጊዜ ሆኖ ተገኘ። ፓኬቱን ከጠረጴዛው አነሳሁ፣ ሦስት ምግብና አንድ መክሰስ ብዬ ሰዓት ቆረጥኩ፣ ፕሮቲኑን መልሼ መመዘን ጀመርኩ። ራቤ የእውነት ይሁን የሐሳብ ለመለየት "አሁን የተቀቀለ እንቁላል ቢሰጠኝ እበላለሁ?" ብዬ እጠይቃለሁ፣ መልሱ አይ ከሆነ ራብ አይደለም። እና አፍሬ የቀረሁበትን የአመጋገብ ባለሙያ ቀጠሮ መልሼ ያዝኩ፣ ስድስት ኪሎ ጨምሬ ስገባ ያለችኝ "እንኳን መጣሽ" ብቻ ነው።