የዋርድ ኃላፊዎች በነርስ ምደባ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አልጋ ቆጥሮ መመደብ። ትልቁ ስህተት ይህ ነው። "ለአንድ ነርስ ስምንት አልጋ" ብሎ ሺፍት ማውጣት ቀላል ነው፤ ግን ነገ የሚወጣ ታካሚና አሁን ከኦፕራሲዮን የመጣ ታካሚ እንዴት እኩል ይቆጠራሉ? ደም የሚሰጠውን ብቻ እንይ። ከመጀመሩ በፊት የታካሚው ስምና የደም ዓይነት በሁለት ባለሙያ ይመሳከራል፣ ቫይታል ሳይን (ትኩሳት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽና የደም ግፊት) ይለካል። በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ነርሷ ከአጠገቡ መራቅ የለባትም፤ ከባድ ሪአክሽን፣ ማለትም ሰውነቱ ለሚሰጠው ደም የሚያሳየው አደገኛ ምላሽ፣ ብዙ ጊዜ ራሱን የሚያሳየው ያኔ ነው። በዚያች ሩብ ሰዓት የቀሩት ሰባቱ ነርስ የላቸውም። ስለዚህ የወሩ ሰሌዳ ቢወጣም፣ በየርክክቡ የታካሚዎቹ ሁኔታ ታይቶ ምደባው ይስተካከል።

"አንድ ታካሚ ቢጨመርባት ምን አለበት?" ማለት። በፔንሲልቬንያ 168 ሆስፒታሎች ተጠንቶ በ2002 የታተመ ጥናት፣ በአንድ ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር የቀዶ ሕክምና ታካሚዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ7 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ካሊፎርኒያ ከ2004 ጀምሮ ቁጥሩን በሕግ አስራለች፤ በጽኑ ሕሙማን ክፍል አንዲት ነርስ ከ2 ታካሚ በላይ አትይዝም። የታካሚው ሁኔታ ከከበደ ደግሞ ነርስ መጨመር ግዴታ ነው።

አስታማሚን እንደ ሠራተኛ መቁጠር። በአገራችን እናትና እህት ባይኖሩ ስንቱ ዋርድ ይቆም ነበር! ያገላብጣሉ፣ ያጎርሳሉ፣ ግሉኮስ ሲያልቅ ሮጠው ይጠራሉ። የታካሚው ትንፋሽ በደቂቃ ከ18 ወደ 28 ሲወጣ፣ ማለትም ሁኔታው ሲከብድ፣ ግን አስታማሚዋ "ተመስገን፣ እንቅልፍ ወሰደው" ልትል ትችላለች። እሷን ተማምኖ ነርስ መቀነስ ታካሚውን መበደል ነው።

በሌሊትና በቅዳሜ እሑድ የነርስ ቁጥር መቀነስ። በሽታ ዕረፍት አይወጣም።

ጉድለቱን ዋጥ አድርጎ ማለፍ። ጎበዝ የምትባለው ኃላፊ ራሷ መድኃኒት ሰጥታ፣ ራሷ ቁስል አጥባ ሺፍቱን ትወጣዋለች። ድካሟ ያሳዝነኛል፤ ሜትረኗ (የሆስፒታሉ ነርሶች ኃላፊ) ዘንድ የሚደርሰው ሪፖርት "ሰላም ነው" ስለሚል የሰው ኃይል ጥያቄዋ ማስረጃ ያጣል። ስንት ነርስ ነበረ፣ ስንት ታካሚ ነበረ፣ ምን ሳይሠራ አደረ፣ ሁሉም ይጻፍ። "የ4 ቁጥር አልጋ ታካሚ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋት አልተገላበጠም" የምትል አንዲት መስመር "የሰው እጥረት አለብን" ከሚል ረጅም ደብዳቤ ይልቅ አስተዳደሩን መልስ ታስጠይቃለች።