የታነል ሜትሪክ ፍጥነትን አይነግራችሁም

ጅማ ያለ ቅርንጫፍን ከአዲስ አበባ ጋር በታነል (በሌላ ኔትወርክ ላይ በሚዘረጋ ምናባዊ መስመር) የምታገናኙ፣ ሩተሩ ሜትሪኩን (ለየመንገዱ የሚሰጠውን ማወዳደሪያ ቁጥር) አይቶ «ይሄኛው መንገድ ይሻላል» ሲል ወዲያው አትመኑት።

ሪፕ (RIP፣ ሩተሮች መንገድ የሚመርጡበት ደንብ) የሚቆጥረው ሆፕ፣ ማለትም በመንገዱ የሚታለፉትን ሩተሮች ብቻ ነው። ታነል ደግሞ ከሥሩ ስንትም ሩተር ቢደረደር እንደ አንድ ሆፕ ይታያል። ስለዚህ ከጅማ አጋሮ ለመድረስ አዲስ አበባን ዞሮ የሚመጣ ታነል፣ ሁለት ሩተር ካለው ቀጥታ መስመር ያጠረ መስሎ ይመረጣል። ኦኤስፒኤፍ (OSPF፣ ሌላው የመንገድ መምረጫ ደንብ) ባንድዊድዝን (የመስመሩን አቅም) ያያል፤ ግን ቁጥሩ ሩተሩ ላይ የተጻፈ እንጂ የተለካ አይደለም። በብዙ የሲስኮ ሩተሮች የጂአርኢ (GRE፣ አንድ የታነል ዓይነት) ታነል ካልነካችሁት በሰከንድ 100 ኪሎቢት ተብሎ ይያዛል፤ መስመሩ 20 ሜጋቢት ቢሆንም ኮስቱ (የኦኤስፒኤፍ ሜትሪክ፤ ያነሰው ይመረጣል) 1000 ይወጣል። ቁጥሩን ብታሳድጉ ምርጫው ይለወጣል እንጂ ፍጥነቱ ቅንጣት አይጨምርም። (ባንድዊድዝ ጨመርኩ ብሎ የሚደሰተው ግን ብዙ ነው!)

የሚሻለው፣ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ሁለቱንም መንገድ በፒንግና በአይፐርፍ (iperf፣ የመስመር ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) ለክቶ ኮስቱን በዚያው ልክ በእጅ መጻፍ ነው። ፒንጉ ደህና ሆኖ ትልቅ ፋይል ሲላክ ከቆመ ግን ጥፋቱ የሜትሪክ ላይሆን ይችላል። ጂአርኢ ከእያንዳንዱ ፓኬት 24 ባይት ስለሚወስድ ከ1500 ባይት የሚተርፈው 1476 ነው፤ የታነሉን ኤምቲዩ (MTU፣ የሚያልፈውን ፓኬት ትልቁን መጠን) 1400፣ ኤምኤስኤሱን (MSS፣ በአንድ የቲሲፒ ፓኬት የሚጫነውን ትልቁን የዳታ መጠን) 1360 አድርጋችሁ ሞክሩ። ወደ ታነሉ መድረሻ አድራሻ የሚወስደው መንገድም በራሱ በታነሉ በኩል እንዳይሆን ስታቲክ ሩት (በእጅ የሚጻፍ ቋሚ መንገድ) ስጡት፤ አለዚያ ታነሉ ሲወድቅ ሲነሳ ይውላል።